መካን ተብላ ስም ሳይወጣላት በፊት

አንድ አገር የሚጸናው በመሬቱ ስፋትና በእህሉ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች በሥጋቸው ጤነኞች፣ በቤታቸውም ሰላም ያላቸው ሲሆኑ ነው እንጂ። ቤት የሚቆመው ባልና ሚስት ሲተማመኑ ነውና፣ ይህን መተማመን የሚያናጋ ደዌ እጅግ ሊታሰብበት ይገባል። እግሩ የተሰበረውን ሰው ዘመድ ተሰብስቦ በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ያደርሰዋል፤ ትኩሳት የያዘውንም ጎረቤት ይጠይቀዋል። በሴት አካል ውስጥ ተሰውሮ የሚኖር ሕመም ግን ብዙ ጊዜ የሚያመጣባት እርዳታን ሳይሆን ወቀሳን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ተረት እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ሴቲቱ ሕመሟን የደበቀችው አውቃው አይደለም፤ ስሙን የነገራት ሰው ስለሌለ ነው እንጂ።

በሰሜን ጎንደር በጃናሞራ ወረዳ የምትገኘው መካነ ብርሃን በስሜን ተራሮች መካከል ያለች፣ አካባቢዋ ገብስ የሚያበቅል ደጋ አገር ናት። በግዕዝ ቋንቋ መካን ማለት ስፍራ ማለት ነው፤ ልጅ ያልወለደችም ሴት መካን ትባላለች። ፊደሉ አንድ፣ ትርጓሜው ግን ሁለት ነው። ያ ሁለተኛው ስም ለአንዲት ሴት ከተሰጠ በኋላ በቀላሉ አይነሣላትም። በደጋው አገር እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ሴት ልጅ ካገባች በኋላ ሁለትና ሦስት ዓመት ሳትወልድ ብትቀር፣ አንዱ ዓይነ ጥላ ነው ይላታል፤ ሌላው ዛር ነው ይላታል፤ ሦስተኛውም የዘር እርግማን ነው ብሎ በሹክሹክታ ያማታል። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ባልዋ በዘመድ ምክር ይፈታታል፤ ወይም ሳይፈታት ወደ ሌላ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ደምዋን የመረመረ፣ ልማደ አንስቷ በየወሩ መምጣት አለመምጣቱን የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ ላይኖር ይችላል።

ልጅ እንዳይወለድ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ፣ በመላው ዓለም እጅግ የተስፋፋ ሆኖ ሳለ በሕዝብ ዘንድ ስሙ ያልታወቀ፣ ሐኪሞች «ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም» የሚሉት ሕመም ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶች ከመቶው ከ8 እስከ 13 የሚሆኑት ይህ ሕመም አለባቸው፤ ከእነዚህም ከመቶው እስከ 70 የሚደርሱት ሕመማቸውን ሳያውቁ ይኖራሉ። እንግዲህ ይህ ነገር ለአንዲት ቤት ብቻ የመጣ ልዩ መቅሠፍት አለመሆኑን ከዚህ ቍጥር መረዳት ይቻላል።

ሕመሙ በዘመናዊ ሕክምና የታወቀው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዓመት ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች ልማደ አንስታቸው የተቋረጠባቸውን የ7 ሴቶች ታሪክ ጽፈው አወጡ። ሐኪሞቹ በቀዶ ሕክምና ከእንቍላል ማኅደራቸው ጥቂት ቆርጠው ባወጡ ጊዜ የሰባቱም ልማድ ተመለሰ፤ ከእነርሱም ሁለቱ ፀነሱ። ስለዚህ ሕመሙ ለብዙ ዘመን በሁለቱ ሐኪሞች ስም ሲጠራ ኖረ። ዛሬ ግን ሐኪሞች ወደዚያ ዓይነት ቀዶ ሕክምና አይሄዱም፤ በኪኒን የሚገኘው ጥቅም በልጦ ተገኝቷልና።

የሕመሙ ስም ራሱ ሰውን የሚያሳስት መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። «ፖሊሲስቲክ» ማለት ብዙ ውሃ የቋጠሩ እጢዎች ያሉበት ማለት ስለ ሆነ፣ ስሙን የሰማች ሴት በሆድዋ ውስጥ ተቈርጦ መውጣት የሚገባው እጢ ያለባት ይመስላታል፤ ትደነግጣለችም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በጤነኛ ሴት አካል ኦቫሪ በተባሉት ሁለት የእንቍላል ማኅደሮች ውስጥ በየወሩ ጥቃቅን ከረጢቶች ማደግ ይጀምራሉ፤ ከእነርሱም አንዱ በልጦ ይጎለምስና እንቍላሉን ይለቃል። እንቍላሉ ዘር ካላገኘ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ደም ይመጣል። ይህ ሕመም ባለባት ሴት ግን ከረጢቶቹ ማደግ ይጀምሩና ከመንገድ ይቀራሉ፤ አንዱም ጎልምሶ አይለቅም። በምርመራ መሣሪያ ላይ እንደ ዶቃ ተደርድረው የሚታዩት እነዚህ መንገድ ላይ የቀሩ ከረጢቶች ናቸው እንጂ ክፉ እጢ አይደሉም።

ከረጢቶቹ ስለ ምን ከመንገድ ይቀራሉ ቢባል፣ ምክንያቱ ከእንቍላል ማኅደር ርቆ የሚጀምር ነው። ከአንጎል ሥር የምትገኘው ትንሽ ዕጢ የምትልከው ትእዛዝ ሚዛኑን ይስታል። ደግሞም በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ሰውነት የሚያስገባው ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን በብዙዎቹ ሴቶች ላይ እንደሚገባ አይሠራም፤ ስለዚህም ሰውነት ጉድለቱን ለመሙላት ከመጠን ያለፈ ኢንሱሊን ያመነጫል። ይህ የበዛ ኢንሱሊን የእንቍላልን ማኅደር እየገፋ በወንድ አካል በብዛት የሚገኘውን ሆርሞን እንዲጨምር ያደርገዋል። ይህ ሆርሞን በሴት ሁሉ አካል በጥቂቱ የሚገኝ ነው፤ ሲበዛ ግን የእንቍላሉን ማደግ ያግዳል፤ በአገጭና በላይኛው ከንፈር፣ በደረትም ላይ ጠጕር ያበቅላል፤ ፊትን በብጕር ይሞላል፤ የራስንም ጠጕር ያሳሳል። ሕመሙ በቤተ ዘመድ መካከል የመደጋገም ልማድ አለው። ስለዚህ እናት ወይም እኅት ያለባት ሴት ቀድማ ብትመረመር መልካም ነው። በዘር መተላለፉ ግን የአካል ጠባይ እንጂ የኃጢአት ዕዳ አይደለም።

ይህን ሕመም ለማወቅ ሐኪሞች የሚመሩበት ሥርዓት አላቸው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ከሦስት ምልክቶች ሁለቱ ከተገኙ ሕመሙ አለ እንዲባል ወሰኑ። አንደኛው ልማደ አንስት መዘግየቱ ወይም መቋረጡ ነው። ሁለተኛው የወንድ ሆርሞን መብዛቱ በጠጕርና በብጕር ወይም በደም ምርመራ መታየቱ ነው። ሦስተኛው በአልትራሳውንድ የሚታየው የከረጢቶች ብዛት ነው። እንግዲህ ከሦስቱ ሁለቱ በጥያቄና በዓይን ሊታወቁ የሚችሉ መሆናቸውን ማስተዋል ይገባል። መካነ ብርሃንን በመሰለ ሩቅ ስፍራ ያለ አንድ ነርስ ወይም የጤና መኰንን ታላቅ መሣሪያ ባይኖረው እንኳ፣ በትዕግሥት በመጠየቅ ብቻ ሕመሙን ሊጠረጥርና ሴቲቱን ወደሚገባት ስፍራ ሊልክ ይችላል።

ዳሩ ግን የቀረ ልማድ ሁሉ ይህ ሕመም ነው ማለት ስሕተት ነው። አስቀድሞ እርግዝና አለመኖሩ ይመረመራል። በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ የተወጋች ሴት ደምዋ ሊቀር፣ መርፌውንም ከተወች በኋላ ፅንሱ ለብዙ ወራት ሊዘገይ ይችላል። በደጋው አገር የሚታየው የእንቅርት ሕመምም ልማድን ያዛባል። ረኃብ፣ እጅግ መክሳትና ብርቱ ድካም ደምን ያስቀራሉ። ልማዷ ሳይዛባ ልጅ ያጣችው ሴት ደግሞ በአባላዘር በሽታ ወይም ከወሊድና ከውርጃ በኋላ በገባ መርዝ ምክንያት የእንቍላል መተላለፊያዋ ተዘግቶ ይሆናል፤ ይህም በአፍሪካ ብዙ ሴቶችን የጎዳ ነው። የመጀመሪያ ልማዷን ካየች ብዙ ያልቆየች ልጃገረድም ወሩ ቢዛባባት ወዲያው ሕመምተኛ ልትባል አይገባም፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት መዛባቱ የተለመደ ነውና። ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን በዓመት ከ8 ጊዜ ያነሰ ደም የምታይ ሴት መመርመር አለባት።

ይህ ሕመም የሚጎዳው ልጅ ፈላጊዋን ብቻ ነው ብሎ ማሰብም ሌላ ስሕተት ነው። ደሙ ለብዙ ወራት ሲቀር የማኅፀን ውስጠኛው ሽፋን እየወፈረ ይሄዳል፤ ከዚያም ድንገት ሲፈስ ለሳምንታት ላይቆም፣ ሴቲቱንም ደም ሊያሳጣት ይችላል። ለረጅም ዓመታት ከተተወም የማኅፀን ሽፋን ነቀርሳን ሊያስከትል ይችላል። ሕመሙ ያለባት ሴት የስኳር በሽታ ከሌሎች ይልቅ ይፈራላታል፤ ብትፀንስም በእርግዝናዋ ጊዜ የስኳርና የደም ግፊት ሕመም እንዳይነሣባት መጠበቅ ያስፈልጋል። ከሥጋ ሕመሙ በላይ ደግሞ የልብ ሐዘን አለ። በአገጭዋ ላይ ጠጕር የበቀለባት ሴት በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ወደ ገበያ ትወጣለች፤ ከለቅሶና ከሠርግ ትርቃለች፤ የሚታያትን ሁሉ እየፈራች ብቻዋን ትኖራለች።

ሕክምናውን በሚመለከት፣ ሕመሙን ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት አልተገኘም። ነገር ግን እያንዳንዱን ችግር የሚያቀልል ሕክምና አለ፤ ሴቲቱም ከተከታተለችው በጤና ልትኖር፣ ልትወልድም ትችላለች። የመጀመሪያው ሕክምና አኗኗር ነው። ሰውነቷ ከመጠን በላይ የወፈረ ሴት ከክብደቷ ከመቶው ከ5 እስከ 10 ያህሉን ብትቀንስ ልማዷ በራሱ ሊመለስ ይችላል። ለዚህም የውጭ አገር ምግብ መፈለግ አያስፈልጋትም፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽሮና ጎመን የአገር ምግቦች ናቸው፤ መቀነስ የሚገባው በሻይ ላይ የሚበዛው ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥና ነጭ ዳቦ ነው። በከተማ ተቀምጣ የምትሠራ ሴት በየቀኑ በእግርዋ መሄድ ይጠቅማታል። ሕመሙ ግን ቀጭኗንም ሴት ይይዛል። ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ተሸክማ፣ ዳገት ወጥታ የምትውለውን የደጋ ሴት «ክብደትሽን ቀንሺ» ማለት ምክር ሳይሆን ጉዳት ነው።

ልጅ ለጊዜው የማትፈልገው ሴት ልማዷ እንዲስተካከልና ማኅፀኗ እንዲጠበቅ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ሊታዘዝላት ይችላል። ይህ ኪኒን የጠጕሩንና የብጕሩንም ብዛት ይቀንሳል። እዚህ ላይ በቤተ ሰብ መካከል ታላቅ አለመግባባት ይነሣል፤ አማት ወይም ባል ኪኒኑን ባዩ ጊዜ «ልጅ የከለከለችን ይኸው እርስዋ ናት» ይላሉና። ስለዚህ ሐኪሙ ነገሩን ለባልም ጭምር ሊያስረዳ ይገባል። ኪኒኑ ማኅፀንን አያደርቅም፤ በተወችው ጊዜ የመፅነስ ተስፋዋ እንደ ነበረ ይመለሳል። የደም ግፊት ያለባት፣ ወይም ከዚህ ቀደም ደም በሥሯ ውስጥ የረጋባት ሴት ግን ያለ ሐኪም ምርመራ ልትወስደው አይገባትም።

ልጅ ለምትፈልገው ሴት አስቀድሞ የሚመረጠው ሌትሮዞል የሚባለው ኪኒን ነው። ይህ መድኃኒት በመጀመሪያ ለጡት ነቀርሳ የተሠራ ሲሆን፣ በልማዷ መጀመሪያ ላይ ለ5 ቀን ሲወሰድ እንቍላሉ እንዲጎለምስ ያደርጋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካ በ750 ሴቶች ላይ በተደረገ ምርመራ፣ ሌትሮዞል ከወሰዱት ከመቶው 27.5 የሚሆኑት ልጅ ታቅፈዋል፤ የቀድሞውን ክሎሚፌን ከወሰዱት ግን ከመቶው 19.1 ብቻ ናቸው። ከ1957 ዓ.ም. ፈረንጅ ጀምሮ ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ሜትፎርሚን ደግሞ የኢንሱሊንን ሥራ ያቃናል፤ ልማድንም ይረዳል። ይህ ሁሉ ባይሆን ሌላ መርፌና ቀዶ ሕክምና፣ በመጨረሻም ከአካል ውጭ ፅንስ የማገናኘት ሕክምና አለ። እነዚህን መድኃኒቶች ከገበያ ገዝቶ ያለ ሐኪም መዋጥ አደጋ አለበት፤ የእንቍላሉ ማኅደር ከመጠን በላይ ሊቆጣ፣ ከአንድ በላይ የሆነ ፅንስም ሊፈጠር ይችላልና።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ባል ሊመረመር ይገባዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ከ6 ሰዎች አንዱ በሕይወቱ ዘመን ልጅ የማጣት ችግር ይገጥመዋል፤ በብዙ ቤትም ምክንያቱ፣ ብቻውን ወይም ከሴቲቱ ችግር ጋር ተደርቦ፣ ከወንዱ በኩል ነው። የወንድ ዘር ምርመራ ቀላልና ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ ሴቲቱ ዓመታት ሙሉ ስትንከራተት ባልዋ አንድ ቀን እንኳ ሳይመረመር መቅረቱ ከፍርድ የራቀ ነው።

የጎንደር አገር ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። በደምቢያ የተነሣው ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ተቋቋመ። ከዚያ የወጡት የጤና መኰንኖች፣ ነርሶችና የንጽሕና ባለሞያዎች በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ይሄዱ ነበር፤ ሐሳቡም ሐኪም ሕዝቡን ይፈልግ እንጂ ሕዝቡ ሐኪም ፍለጋ አይንከራተት የሚል ነበር። ያ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ሆስፒታሉም ለሰሜኑ አገር ታላቅ መጠጊያ ነው። በአዲስ አበባም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመሃንነት ሕክምና ማእከል ተከፍቶ፣ ከአካል ውጭ ፅንስ የማገናኘት ሕክምና በመንግሥት ሆስፒታል መሰጠት ጀምሯል።

ሆኖም ከመካነ ብርሃን እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ረጅም ነው። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በፊት የስሜንን ተራሮች ማለፍ አለ። አንዲት ሴት ቤቷንና ከብቷን ትታ፣ የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ ተበድራ፣ ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ብትሄደው እንኳ በየወሩ ልትመላለስበት አትችልም። ስለዚህ የወረዳና የዞን ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባው ነገር ግልጽ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ሲዞሩ ስለ ልማደ አንስት የሚጠይቁትን ጥቂት ጥያቄ ቢማሩ፣ ሜትፎርሚንና የልማድ ማስተካከያው ኪኒን በቅርቡ ጤና ጣቢያ ሳይቋረጥ ቢገኝ፣ በጎንደር የተጀመረ ሕክምና በደባርቅና በየወረዳው ቢቀጥል፣ የብዙ ሴቶች ድካም ይቀላል። ሕግም የሚለው አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ክልሉም በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ ጋብቻው ሳይፈርስ ሌላ ማግባትን ይከለክላሉ። ልጅ አልወለደችም የሚል ምክንያት ከዚህ ነጻ አያወጣም፤ ስትፈታም የድካሟ ፍሬ ከሆነው ሀብት ድርሻዋን መንፈግ አይገባም።

ከሹማምንት ይልቅ ግን የዚህች ሴት ምሥጢር አስቀድሞ የሚደርሰው ለንስሐ አባቷ ነው። ደምዋ ለሳምንታት ባለመቆሙ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆማ የምታስቀድሰውን ሴት ካህኑ በዓይኑ ያያታል። አንድ ቃል፣ «ልጄ ሆይ፣ ይህ ሕመም ነውና ሐኪም ይይሽ» የሚል ቃል ከአፉ ቢወጣ፣ ሐኪሙ በብዙ ንግግር ከሚያደርገው ይልቅ ይሠራል። ጸበልና መድኃኒት እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕመምተኞች ጸበላቸውን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ መምከራቸውን ያስታውስ። በጾም ወራትም ሜትፎርሚን የሚወሰደው ከምግብ ጋር ስለ ሆነ፣ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ወደ ማታው ማዕድ ማድረግ ይቻላል፤ ለጾሙ ብሎ መድኃኒቱን መተው ግን አያስፈልግም።

ሣራም ራሔልም ሐናም ኤልሳቤጥም ለዘመናት ልጅ አልነበራቸውም። ካህናቱ እነዚህን ስሞች በየዓመቱ ያነባሉ፤ ሐና ስታለቅስ ዔሊ ሰካራም እንደ መሰለችው፣ በኋላም እንደ ባረካት ያውቃሉ። ሳይጠይቁ መፍረድ በካህን እንኳ የደረሰ ነገር ነው፤ ጠይቆ መመለስም እንዲሁ። እንግዲህ በመካነ ብርሃንም ሆነ በጎንደር ከተማ፣ ልጅ ያላየች ሴት መካን የሚለው ስም ሳይወጣላት በፊት ሁለት ነገር ይገባታል፤ ከባልዋ ጋር መመርመር፣ የሕመሟንም ትክክለኛ ስም መስማት። ከተመረመረችም በኋላ የማትወልድ ሆና ብትገኝ፣ ክብሯ በማኅፀኗ ላይ የተንጠለጠለ አይደለምና፣ ቤቷና ስሟ ሊጠበቁላት ይገባል።